አጎቴ ችሎት ፊት ያለቀሱበት ቀን

በቅርቡ ያረፉት አጎቴ በጃንሆይ ዘመን ሆሳዕና ውስጥ ጠበቃ ነበሩ። ችሎት ፊት ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ደንበኞቻቸውም እንዳያለቅሱ አጥብቀው ያስጠነቅቁ ነበር። ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ አንሶላ ተዘርግቶ ፊልም ሲታይ ግን ፊታቸውን በመሐረብ ሸፍነው ያለቅሳሉ።

አንድ ቀን ከፊልም ስንመለስ፣ “ጋሼ፣ ችሎት ላይ የሚከለክሉትን እንባ እዚህ ለምን ያፈሱታል?” አልኳቸው።

“ፊልም አይቼ ባለቅስ ማንም መሬቱን አያጣም” አሉኝ።

እንደነገሩኝ፣ ጠበቃነት በጀመሩ ሰሞን ባሏ ለሞተባት አንዲት ሴት በመሬት ክርክር ቆመው ነበር። ሕፃኗን አዝላ እንድትቀርብ መከሯት፤ ራሳቸውም እያለቀሱ ተከራከሩላት። ዳኛው ፈረዱላት። የተረታው አማርኛ እንደ ልቡ የማይናገር የዶዮገና ገበሬ ነበር። መሬቱ በእርግጥ የእሱ እንደነበር አጎቴ ያወቁት የይግባኙ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

ይቅርታ ሊጠይቁት ቤቱ ድረስ ሄዱ። ገበሬው ወንበር አቀረበላቸውና፣ “እርስዎ ሲያለቅሱ እኔም አዘንኩላት። የሚወሰደው የእኔ መሬት መሆኑን ለጊዜው ረስቼው ነበር” አላቸው።

“ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር” አሉኝ ጋሼ።

በቀብራቸው ዕለት ስለ ደግነታቸው ተናግሬ ሰውን ሁሉ አስለቀስኩ። ስለ ገበሬው ግን ትንፍሽ አላልኩም። ቤት ስገባ “ሰውን ለማስለቀስ የቱን ሳትናገር ተውከው?” ብለው ሊጠይቁኝ የሚችሉት ጋሼ ግን አልነበሩም።