የይርገዱ ገቢ ስንት ነው?

ይርገዱ ቃለ ክርስቶስን መካነ ሰላም ውስጥ የማያውቃት የለም፤ የሚያውቋትም በቡጢዋ ነው። ገና ኮረዳ ሳለች ገበያ መሃል ነጠላዋን የጎተተ አንድ ደላላ ጥርሱን ከነደሙ ተፍቶ ሄዷል። እናታቸው ስትሞት ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ያሳደገችውም በአለንጋ ነው። «ካልተማራችሁ እገድላችኋለሁ» ስትላቸው የምትቀልድ አትመስልም ነበር። ጎረቤቷ ነኝና ጩኸታቸውን ስሰማ ኖሬያለሁ።

ተማሩላት። ወንድማገኘሁ አዲስ አበባ ሶፍትዌር ይሠራል፤ አካሉ ደሴ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ዳታ ይተነትናል። ይርገዱ የአባቷን መሬት ይዛ ቀረች። ባለ በሬ ያርስላታል፤ አረሙ፣ አጨዳው፣ ውቂያው የእሷ ነው።

አባታቸው መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ሊሞቱ ሲሉ «መሬቱ ገቢው ላነሰው ልጄ ይሁን» ብለው ተናዘዙ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን ቤታቸውን በደም አጠበው። ያኔ መሬቱ የገብስ ማሳ ነበር። ሙት ዓመታቸው ሲደርስ ከተማው እየሰፋ አጥሩ ሥር ደርሶ ነበር፤ የቤት መሥሪያ ቦታ ደግሞ ማንንም ያሳብዳል። ከሁለቱ ወንድሞች ማንም ቢወስደው ይሸጠዋል፤ ይርገዱ ሜዳ ላይ ትቀራለች። ይህን ያሰበላት ሰው ግን አልነበረም።

የሙት ዓመቱ ድግስ ተበልቶ እንግዳው ሲበተን ሽማግሌዎቹ ቀሩ። የመሪጌታ የዕድሜ ልክ ወዳጅ ሼህ ጀብሪል ወንድማማቾቹን ገቢያቸውን ጠየቋቸው። ሰው ደመወዙን ከፍ አድርጎ ሲጎርር አውቃለሁ፤ ትንሽ ነው ብሎ ሲምል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ወላሂ የሱ የእኔን እጥፍ ነው!» አለ አካሉ፣ የመሪጌታ ልጅ ሆኖ። «ሶፍትዌር ሠሪና ዳታ ተንታኝ እኩል ይከፈላቸዋል ያላችሁ ማነው?»

«እጥፍ የሚሆነው ሥራ ሲኖር ነው» አለ ወንድማገኘሁ። «ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ወር አልፎ ወር ባዶ ኪሴን እቀመጣለሁ። አንተ ዘነበ አልዘነበ ወሩ ሲሞላ ይገባልሃል። የመስክ አበልህስ? ሕክምናህንስ የሚከፍለው ማነው?»

«ለመሬት ብለህ ደሃ ሆንክ? አንተ ሌባ!»

ወንድማገኘሁ የአባቱን ሽመል ከጥግ ነጥቆ አካሉን ግንባሩን አለው። ደሙ ዓይኑን ጋረደው። አካሉም በርጩማ አንሥቶ ደረቱ ላይ ከሰከሰበት። ሽማግሌዎቹ «ኧረ በአላህ! ኧረ በእመብርሃን!» እያሉ ከግድግዳው ተለጠፉ። ሽመሉ እንደገና ሲነሣ ይርገዱ መሃል ገብታ በቀኝ እጇ መከተችው። አጥንቷ ሲሰበር በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።

በግራ እጇ ሽመሉን ቀምታ ወንድማገኘሁን አፉ ላይ፣ አካሉን ጉልበቱ ላይ፣ ሁለቱም እስኪዘረሩ ቀጠቀጠቻቸው። ምን እዋሻለሁ፣ አንጀቴ ራሰ።

ሼህ ጀብሪል ክንዷን በጥምጥማቸው አሰሩላት። «አብሽሪ ልጄ» አሏት። «ካሳ ይገባሻል። ምን ይሁንልሽ?»

«መሬቱ።»

ወንድማገኘሁ የተሰነጠቀ ከንፈሩን ይዞ «እታለም፣ አባባ እኮ ያሉት ገቢው ላነሰው ልጄ ነው» አለ። ደሙ እየተንጠባጠበ እንኳ አፉ አላረፈም!

ይርገዱ ወደ አካሉ ዞረች። «አንተ፣ ሥራህ ቁጥር አይደል? እስቲ የእኔን ገቢ አስላው።»

ሼህ ጀብሪል ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ «ያ አላህ! እሷስ ልጃቸው አይደለችም?» አሉ።

መሬቱ ለእሷ ተፈረደ። ወጌሻው ቢያሽም ቢያስርም ግን ጣቶቿ መታጠፍ እንቢ አሉ። ወንድሞቿ ለአጫጅ የሚሆን ብር ልከውላታል፤ ማን የበለጠ እንደላከ አሁንም በስልክ ይጨቃጨቃሉ። ገብሱ ሲደርስ ይርገዱ ማሳው ዳር ቆማ አጫጆቹን «ዝቅ አድርጋችሁ እጨዱ!» እያለች ስትሳደብ ዋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ የሆነውን ገብስ ሌላ ሰው አጨደው።