የመርሳ መናኸሪያ ውሃ ቀማሽ

ነኢማ ስትስቅ መርሳ መናኸሪያ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማታል። ጭማቂ ቤቷ በተዘረፈ ጊዜ እንኳ፣ ማቀዝቀዣውም መፍጫውም ተጭኖ የማንጎ ልጣጭ የሞላው ባልዲ ብቻ ሲቀርላት፣ «ምነው ይቺን ረሷት!» ብላ ስቃለች። ኋላ ቤቷ ገብታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ይህንንም ራሷ ናት የምትናገረው።

ጊዜው ታኅሣሥ 2014 ነው። ጦርነቱ ከመርሳ ፈቀቅ ብሏል፤ መብራት ግን አልተመለሰም፣ መብራት ከሌለ ደግሞ የውሃ ፓምፑ አይሠራም። ወደ ቀዬው የሚመለስ ተፈናቃይ ከደሴ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ጥም ያቃጠለው ሰው እንደወረደ ቀጥ ብሎ ወደ መስኖው ቦይ ይሄዳል። በማግስቱ ሆዱን ይዞ ጤና ጣቢያ ነው።

ነኢማ ይህን አየችና ቧንቧ ያለው ሰማያዊ በርሜል ተውሳ መናኸሪያው ጥግ ተከለች። ከቦዩ የቀዳችውን ውሃ በንጹሕ ነጠላ ታጠልላለች፣ ከጤና ጣቢያ የሰጧትን ክሎሪን በልኩ ትጨምራለች፣ ግማሽ ሰዓት ከድና ትጠብቃለች። የመናኸሪያው ኃላፊ አቶ ይርጋ ግን፣ «ሰው የማይጠጣው ውሃ ቦታ አይዝም። እስከ ዛሬ ማታ በርሜሉ ካልጎደለ ጥጉን ለጎማ ለጣፊው እሰጠዋለሁ» ብሎ ቁርጡን ነገራት። ከዚያች ጥግ ሌላ ምን አላት?

ጣጣው የክሎሪኑ ሽታ ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ «ውሃ ውስጥ መርዝ ተጨምሯል» የሚል ወሬ አገሩን አዳርሶት ነበር። ከውርጌሳ የመጡት ሸህ አብዱልሐሊም ኩባያውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው መለሱት።

«ልጄ፣ እስኪ ቅመሺልኝ።»

ወግ ነው፤ የሚያጠጣ ቀድሞ ይቀምሳል። በራሷ ኩባያ ቀድታ ፉት አለች።

«ይሄማ ከንፈር ማራስ ነው! በደንብ ጠጪ እንጂ።»

ጠጣች። እሳቸውም ጠጡ። ከኋላቸው የቆመው ሹፌር ፈንታው፣ «የቀመስሽው ለሳቸው ነው፤ ለእኔስ?» አይል መሰላችሁ! ለእሱም ጠጣች። ሁሉም «ለእኔስ» ሆነ። እምቢ ብትል ወሬው እውነት ሊሆን ነው! እስከ አሥራ ሰባት ኩባያ ቆጥራ መቁጠሩን ተወችው። እኩለ ቀን ላይ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሯ መቆም ጀመረች።

«ነኢማ፣ ምን ተገኝቶ ነው እስክስታው?» አላት ፈንታው።

«ኧረ ተወኝ በአላህ!»

ይኼኔ አውቶቡስ ገባ። ስልሳ ሰው ግር ብሎ ወረደና በርሜሉን ከበበው። ፊት የነበረችው ሴት፣ «እቴ፣ ቅመሺልን» ብላ ኩባያ ዘረጋች። ነኢማ ኩባያውን አየችው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ እግሬ አውጪኝ! የመናኸሪያው መጸዳጃ በሩ ተነቅሎ ተወስዷልና አስፋልቱን ተሻግራ ጎረቤት ቤት ጥልቅ አለች።

«ወይኔ፣ መርዙ ጀመራት!» ብሎ ጮኸ አንዱ። ሰው ሁሉ ከበርሜሉ ሸሽቶ ፊቱን ወደ ቦዩ አዞረ።

ሸህ አብዱልሐሊም ምርኩዛቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

«ወዴት ነው? ይቺ ሴት ከጠዋት ጀምሮ የጠጣችውን ግመልም አይችለው! መርዝ የያዘው ሰው እንዲህ ይሮጣል? ወላሂ፣ እኔንም እንዲህ ባስሮጠኝ!»

መናኸሪያው በሳቅ ፈነዳ። ሸሁ ራሳቸው ቀድተው ግጥም አደረጉት። ከዚያ ወዲያ «ቅመሱልኝ» ያለ አልነበረም።

ነኢማ ወጥታ ስትመለስ ሁሉም ቦይ ወርዶ፣ ጥጓም ከእጇ ወጥታ ነበር የጠበቀችው። ያየችው ግን እስከ አውቶቡሱ በር የተሰለፈ ሰውና ቧንቧው አጠገብ ተቀምጠው «ተራ ያዙ! ተራ!» የሚሉ ሽማግሌ ነው። አስፋልቱ መሃል ቆማ እየሳቀች አለቀሰች። ሚኒባስ ጡሩንባ ቢነፋባት ደንታም አልሰጣት።

ማምሻውን አቶ ይርጋ ከንፈሩ ደርቆ መጣና ቧንቧውን ከፈተ። ጠብ የሚል የለም።

«ነኢማ፣ ለእኔ ምነው አላስቀረሽም?»

«በርሜሉ ይጉደል ያሉት እርስዎ አይደሉ?»

አቶ ይርጋ ሳቁን መያዝ አቃተው። ኮቱን አወለቀና በርሜሉን በአንድ በኩል ያዘ፤ እሷም በሌላ በኩል ያዘችና ለነገ ሊሞሉት ይዘው ወደ ቦዩ ወረዱ።