የስም ገማቹ

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢገመት ስንት ያወጣል? ይህን ባሰብኩ ቁጥር በዘጠና አንድ ዓ.ም. ብስራተ ገብርኤል ታክሲ ተራ ላይ አየው የነበረ ሰው ይመጣብኛል። ስሙን አላውቅም። ቡናማ ኮቱ ክርኑ ላይ ቢሳሳም ከረባቱ ቅዳሜ እንኳ አይላላም። ድሮ ምን ይሠራ እንደነበር ሲጠየቅ፣ «ከቃል ጋር ነው የኖርኩት» ይላል።

ያን ጊዜ ለኢንተርኔት አድራሻ የሚሆን የፈረንጅ ቃል በስማቸው አስመዝግበው፣ አትርፈው ለመሸጥ የሚመኙ ነጋዴዎች ብቅ ብለው ነበር። ቃሉ ያዋጣ እንደሆነ የሚጠይቁት እሱን ነው። እሱ መዝገበ ቃላት አይገልጥም፤ ኮፍያውን አውልቆ ወያላውን፣ «እስቲ ይቺን ጥራልኝ» ይለዋል።

አንድ ቀን ማኑሄ የሚባል የብረት ነጋዴ «ኢንተርናሽናል ኮንስትራክሽን ማቴሪያልስ» የሚል ስም ይዞ መጣ። ወያላው ሞከረና፣ «ጋሼ፣ ይሄን ጠርቼ እስክጨርስ ታክሲው ጥሎኝ ይሄዳል!» አለ። ተራው ሁሉ ሳቀ።

«አይሸጥም» አለ ሰውየው፣ እንደ ዳኛ ቀና ብሎ። «አፍ ያልተሸከመውን ስም ገበያ አይሸከመውም።»

የሰፈራችን ሰው በመሆኑ ኮራሁ።

ለግምቱ ከማንም ዋጋ አይቀበልም ነበር። የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ላፍቶ የሚለውን የሰፈር ስም በራሳችን ፊደል አስመዝግቡልኝ። እሷን መሞከር አያስፈልግም፤ እዚሁ ተራ ላይ ስትጠራ ነው የምትውለው።»

«የኢንተርኔቱ ማሽን የኛን ፊደል አይቀበልም እኮ፣ ጋሼ» ይሉታል።

«ታዲያ ይቀበል ብላችሁ ጠይቁልኛ!»

የጠየቀለት የለም።