ለጉብኝት የተቀቡ መኪኖች

እኔ ሰው ማማት አልወድም፤ የሚገባው ሲመጣ ግን አልሰስትም። የፖሊስ ጋራዥ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ዕድሜዬን ስፈጅ የለማኝ ፊት ምን እንደሚመስል አሳምሬ አውቄአለሁ፤ ዕቃ የሚፈልግ ሁሉ በመስኮቴ በኩል ነው የሚያናግረኝ። ለራሱ ሲለምን ያላየሁት ዋና መካኒካችንን ብቻ ነው። ወጌሻ ነው የምንለው። የተሰበረ ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል፣ እሱ ይጠግነዋል፣ ምስጋናውን ሌላ ይወስዳል። እጁ አመድ አፋሽ ነው።

ከተማችን ገንዘብ የላትም። አምፖል ሲቃጠል እንኳ ኮሚቴ ተሰብስቦ ነው የሚተካው። የፖሊስ መኪኖቻችን ግን ድህነትንም አልፈው ሄደዋል። ወጌሻ አንዷን ለማስነሳት ሌላዋን ያርዳል። ደህና ባትሪ ያለችን አንዲት ብቻ ስለሆነች ጠዋት ጠዋት እሷኑ ከመኪና ወደ መኪና እያዞረ ያስነሳቸዋል። ፖሊሶቹም ይህን ስለሚያውቁ ሥራ ላይ ሞተር አያጠፉም፤ እነሱ ሌባ እያባረሩ መኪናዋ መንገድ ዳር ቆማ ታጓራለች። ሌቦቹ ድምጿን ከሩቅ ለይተው ያውቁታል ይባላል፤ እኔ አላጣራሁም።

ከእነዚህ መኪኖች አንዷን የምትነዳው የወጌሻ ልጅ ናት፤ ያለችው እሷው ብቻ ናት። ፖሊስ ስትሆን አልወደደላትም ነበር፤ አንዴ ከገባች በኋላ ግን ጭንቀቱ ሁሉ የፍሬን ነገር ሆነ። «እኔን የሚያስፈራኝ ሌባው አይደለም፤ ቁልቁለቱ ነው» ይለኝ ነበር መስኮቴን ተደግፎ። የፍሬን ሸራ ሲጠይቀኝ የለም ማለት ስለሰለቸኝ ገና ከሩቅ ሳየው ራሴን እነቀንቅ ነበር።

በመጨረሻ ምክር ቤቱ ለአዳዲስ መኪኖች በጀት ሊይዝ ነው፣ አባላቱም ጋራዡን በዓይናቸው አይተው ይወስናሉ ተባለ። ወጌሻ እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ኮፈኖውን ሁሉ ከፍቶ፣ በሽቦ የታሰረውን በሽቦ እንደታሰረ፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን እንደተጠቀለለ ሊያሳያቸው ነበር።

የፖሊስ አዛዣችን ግን መጣ። ከወጌሻ ጋር በአንድ ቀን ነው የተቀጠሩት፤ አንድ ክፍል ተከራይተው ኖረዋል፤ በወጌሻ ሠርግም ሚዜው እሱ ነበር።

«ወንድሜ፣ ጉዳችንን አታሳያቸው» አለው። «ያለንን አበላሽተን አዲስ የምንለምን ይመስላቸዋል። አዲስ የሚሰጠው አሮጌውን ተንከባክቦ ለያዘ ነው። ሁሉንም አስነሳልኝ፤ የቀረውን ለእኔ ተወው።»

«ልጄ የምትነዳት የቷ እንደሆነች ታውቃለህ» አለው ወጌሻ።

«ልጅህ ልጄ አይደለችም እንዴ?»

ከመስኮቴ ሆኜ ስሰማ አልጣመኝም። አዛዡ ሲወጣ ወጌሻን «በሽተኛ ሐኪም ፊት የሚቀርበው ተኳኩሎ ነው እንዴ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «አንቺ ደግሞ ማንንም አታምኚም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በእኔ ሥራ ሰው ያመነ ዕቃ ይጎድልበታል።

ዝገቱን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ቀባ። ጓሮ የቆሙትን የመኪና ሬሳዎች አጥንታቸው እስኪቀር ገፈፈ። የጉብኝቱ ዕለት እንግዶቹ ሳይደርሱ ለአንድ ቀን በተዋሳቸው ባትሪዎች ሁሉንም አስነስቶ ሞተራቸውን አሞቀና በተርታ አሰለፋቸው። ኮርቶም ነበር። መካኒክን አስነሳልኝ ካሉት፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ትዝ የሚለው ሞተሩ ከጮኸ በኋላ ነው።

እንግዶቹ መጡ። ሾፌሮቹ ከየመኪናቸው አጠገብ ቆመዋል፤ ልጅቷም አለች። አዛዡ እጁን ሲያነሳ ገብተው ቁልፍ አዞሩ፤ መኪኖቹ በአንድ ጊዜ ተነሱ። አንዷ እንኳ አላስነጠሳትም። የበጀት ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ መነጽራቸውን ሳያወልቁ የማይናገሩ ሴትዮ፣ ዳር እስከ ዳር ተመላለሱና «እነዚህ እኮ ደህና ናቸው» አሉ። ወደ አዛዡም ዞረው «የግድ መቀየር አለባቸው?» ብለው ጠየቁ።

ወጌሻ ፈገግ ብሎ የጓደኛውን አፍ ይጠብቃል።

«በእኛ ጥገና ገና ይሠራሉ» አለ አዛዡ። «የከተማውን ችግር እኛም እንረዳለን።»

ወጌሻ መጀመሪያ የሰማም አልመሰለኝ። ከዚያ በእጁ የያዘውን ጨርቅ ጥሎ ወደ ፊት ወጣ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤቴ። አይሠሩም። ፍሬናቸው አልቋል። ለዛሬ ብቻ ነው ያስነሳኋቸው።»

ሴትዮዋ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ያስነሷቸው እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«የቀቧቸውም?»

«እኔው ነኝ።»

«እንግዲያው የቱን ልመን? እጅዎ የሠራውን ነው ወይስ አሁን የሚነግሩኝን?»

ወጌሻ ወደ አዛዡ ዞረ። «አንተ፣ ንገራቸው እንጂ» አለው፤ በእንግዳ ፊት አንተ ሲለው ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። አዛዡ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። «ደክሞት ነው» አለ ለእንግዶቹ፤ «ሰሞኑን እንቅልፍ የለውም።» እንግዶቹም አዘኑለት። ክህደት ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚህ በርኅራኄ ተጠቅልሎ የመጣ ግን አላየሁም።

ሳምንቱ ሳይገባደድ አዛዡ የከንቲባው የጸጥታ አማካሪ ሆነ። የመኪናው በጀት ለምክር ቤቱ አዳራሽ ጣሪያ ዋለ። ሹመቱ ከጉብኝቱ በፊት ያለቀ ጉዳይ እንደነበር፣ የተሾመውም ስለ መኪና ላለመጨቅጨቅ ተስማምቶ እንደሆነ የነገረን የገዛ ሾፌሩ ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ ይሄኛው ከጣለም በኋላ ረግጦ ነው ያለፈው።

የአዛዡን ነገር ወጌሻ ተሳድቦም፣ ተራግሞም ይወጣለት ነበር። የልጁ ግን ሌላ ነው። የጉብኝቱ ዕለት፣ ገና እንግዶቹ ከግቢ ሲወጡ መጣችበት።

«አባዬ፣ ፍሬኑ ማለቁን እያወቅክ ነው ቀብተህ ያሰለፍካት?»

«አዲስ እንዲገዙልሽ ብዬ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«እኔ እኮ ቀለሟን ሳይ ያዳንካት መስሎኝ፣ ሰሞኑን በዚያ ቁልቁለት ስበርባት ነው የሰነበትኩት።»

ያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ የተከራከረው ወጌሻ እዚህ ላይ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

ሲመሽ ከሌሎቹ መኪኖች ደህና ደህናውን የፍሬን ሸራ ነቅሎ በሙሉ ለእሷ መኪና ገጠመ። ጠዋት ቁልፉን ይዞ ጠበቃት። «አሁን ደህና ናት። በእጄ ነው የሠራኋት፤ ሂጂ» አላት። በእሱ ቃል ብቻ መሪ ስትይዝ የኖረች ልጅ ናት። ቁልፉን ተቀብላ ኪሷ ከተተች፤ ካርቶን ፈልጋ መሬቱ ላይ አነጠፈችና፣ በዚያ በተተኮሰ ዩኒፎርሟ በጀርባዋ ተኝታ መኪናዋ ሥር ገባች።

«መብራት ስጠኝ» አለችው ከሥር።

ሰጣት፤ እሷ እስክትጨርስም ከእግሯ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ።