የጋሽ ደቂቃ ሠላሳ አምስት ደቂቃ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኔ ግን የዚህን ነገር ሥር እስካሁን አላገኘሁትም። እንደገባኝ ልናገር። አከራያችን ሴትዮ አንድ እሁድ በሩን አንኳኩተው፣ ልጃቸው ሚስት ሊያገባ ስለሆነ በሁለት ወር ውስጥ ቤቱን እንድንለቅላቸው ነገሩን። ደግሞ እኮ ፈገግ እያሉ ነው፣ ደስታቸውን ሊያካፍሉን የመጡ ነው የሚመስሉት። «እንኳን ደስ አለዎት» አልኳቸው። ምን ልበል ታዲያ?

የምሠራው ሆስፒታል ነው፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል። አንሶላው ከማድረቂያው ሲወጣ እኔና ጓደኛዬ ጫፍና ጫፉን ይዘን ወደ መተኮሻው እናስገባለን፣ በወዲያ በኩል ሲወጣ እናጥፋለን። ቀኑን ሙሉ ይኼው ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል እገባለሁ፣ አስራ አንድ ሰዓት እወጣለሁ። ያን ጊዜ ቤታችን በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ስለነበር አስራ አንድ ተኩል ሳይሞላ ቤቴ ነኝ። ልጄ ሚጣ አምስት ዓመቷ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ድብን አድርጎ ይወስዳታል። በመሃል ያለው ጊዜ የእኔ ነው። ገላዋን አጥባታለሁ፣ ስለ ጓደኞቿ ታወራልኛለች፣ ትነዘንዘኛለች፣ እቆጣታለሁ፣ ታኮርፈኛለች፣ እንታረቃለን። አዲሱ ቤት እንደፈለገው ይሁን፣ ያን ጊዜ ብቻ እንዳይነካብኝ ነበር የፈለግሁት።

ፈልገን ፈልገን ሁለት ቤት አገኘን። አንደኛው ድልድዩ ሥር ነው። ከሆስፒታሉ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሁለት ክፍል ብቻ ሲሆን ከበታቹ ብረት ቆራጮች አሉ፤ መስኮቱን ሲከፍቱት ጩኸት፣ ሲዘጉት ሙቀት። ሁለተኛው ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ ነው። ሦስት ክፍል፣ ንጹሕ አየር፣ ሚጣ የምትሮጥበት ግቢ። ኪራያቸው እኩል ነው። የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከሁለቱም እኩል ስለሚርቅ ለእሱ ልዩነት የለውም። ሦስተኛዋ ክፍል የማን እንደምትሆን ማንም ባይናገርም ሁላችንም እናውቅ ነበር። የአባባ ናት። ድልድዩ ሥር ከገባን ግን አባባ ሳሎን ሶፋ ላይ ሊተኙ ነው፤ እንግዳ ከመጣ እስኪወጣ ድረስ እንቅልፋቸውን ይዘው ቁጭ ሊሉ።

አባባ የባለቤቴ አባት ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። አንድ ቀን እንኳ አርፍደው ስለማያውቁ ሾፌሮቹ «ጋሽ ደቂቃ» ይሏቸዋል። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ቢሆናቸውም ዛሬም ሳይነጋ ይነሳሉ፣ ፂማቸውን ይላጫሉ፣ ጫማቸውን ይወለውላሉ፣ ዴፖ ሄደው ከሾፌሮቹ ጋር ሻይ ይጠጣሉ። በእግር አብረን ስንሄድ እንኳ ሊታጠፉ ሲሉ እጃቸው ሳይታወቃቸው ፍሬቻ ይፈልጋል። በሚጣ ሕይወት ውስጥ ደግሞ ከእኔ ቀጥለው ትልቁ ሰው እሳቸው ናቸው፤ በየቀኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት የሚያመጧት እሳቸው ናቸው።

«ከኮረብታው እስከ ሆስፒታሉ ያለውን መንገድ እኔ እለካላችኋለሁ» አሉን። «በሥራ ቀን፣ በጠዋቱ ግርግር ነው የሚለካው። እሁድ ሄዶ መንገድ ለካሁ የሚል ሰው ሞኝ ነው።»

ሦስት ቀን ሄዱ። አንደኛው ቀን ሠላሳ አምስት ደቂቃ፣ ሁለተኛው ሠላሳ ሦስት፣ ሦስተኛው ሠላሳ ስድስት። ሁሉንም በማስታወሻቸው ጽፈው አሳዩን። «ሠላሳ አምስት በሉት» አሉ። ባለቤቴ ማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ነው፤ አፍ የለውም፣ አባቱ ካሉ ደግሞ አለቀ። «በቃ፣ ኮረብታው» አለ። እኔም በልቤ ሳሰላው ከአስራ ሁለት ሰዓት በፊት ቤቴ ነኝ። ደስ አለኝ።

ደስታዬ አንድ ቀን ብቻ አደረ። በማግስቱ ለጓደኛዬ ስነግራት አንሶላውን እንደያዘች ሳቀች። «እህቴ እዚያ አይደል እንዴ የምትኖረው? ሁለት ሰዓት በይው» አለችኝ። የመተኮሻው ኃላፊ ይህን ሰምታ «ውሸት ነው፣ የእኔ ባል በሃምሳ ደቂቃ ይደርሳል» አለች። የበሩን ዘበኛ ብጠይቀው «እንደ ቀኑ ነው» አለኝ። እንደ ቀኑ ነው መልስ ነው እንዴ? እኔ የቀን ዓይነት መርጬ ነው ሥራ የምሄደው? መንገዱ አንድ፣ ሰዓቱ አራት ዓይነት። ዞረብኝ።

ማታ አባባን «ሰዉ እኮ ሁለት ሰዓት ይላል» አልኳቸው።

«ሰው ሰዓት ማየት አይችልም» አሉኝ፣ ረጋ ብለው። በማግስቱ ግን ዳግመኛ ሄደው ለኩ። ሠላሳ አራት ደቂቃ።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ልናገር። ሰውዬው እየዋሹ ቢሆንስ አልኩ። በስተርጅና የራሱ ክፍል የማይፈልግ ማን አለ? በር ያላት፣ አልጋ ያላት ክፍል። ለዚያች ክፍል ብለው ደቂቃውን ከላይም ከታችም እየቀነሱት ቢሆንስ? ሐሳቡን ባባርረው ተመልሶ ይመጣል። ቢጨንቀኝ ለባለቤቴ ተነፈስኩለት። ቀና ብሎ አየኝና «አባዬ በደቂቃ አይዋሽም» ብሎ ወጣ። ሁለት ቀን አላናገረኝም። ድሮም ብዙ የሚያናግረኝ ሰው ስላልሆነ አኩርፎ ይሁን አይሁን እንኳ በውል አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ጠዋት ኮረብታው እላለሁ፣ ማታ ድልድዩ። ኮረብታው ስል ልጄ እንቅልፏ መጥቶ ትጠብቀኛለች፤ ድልድዩ ስል ሽማግሌ ሰው ሶፋ ላይ አውጥቼ ጣልኩ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይላሉ፤ በሬው ምን አለበት፣ አንድ ገደል ብቻ ነው ያለበት። በዚህ ላይ ደላላው እየደወለ «እህቴ፣ ቅዳሜ ካልተፈራረማችሁ ሌላ ሰው እየመጣ ነው» ይለኛል። ደላላ ደግሞ ሌላ ሰው የማይመጣበት ቀን የለውም።

ረቡዕ ማታ ቆረጥኩ። «አባባ፣ ነገ እኔም አብሬዎት ልሂድ። ግን ከቤቱ በር ነው የምንጀምረው» አልኳቸው። ጓደኛዬ እስከ ሦስት ሰዓት ልትሸፍንልኝ እሺ ብላለች። አባባ ቅር ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ደስ አላቸው። ይኼ ደግሞ ይበልጥ ግራ አጋባኝ። ሊያዝ የሚሄድ ውሸታም እንዲህ ደስ ይለዋል?

ሳይነጋ ዴፖ ደረስን። ሾፌሩ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ወርዶ «ጋሽ ደቂቃ፣ እንደምን አደሩ?» ብሎ እጃቸውን ጨበጠ። ከኋላው ያለውን ወንበር በመሃረቡ ጠርጎ አስቀመጣቸው። አውቶቡሱ ባዶውን ወደ ኮረብታው ወጣ፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ዞሮ ቆመ። እኔ ተነሳሁ። አባባ አልተነሱም።

«አይወርዱም እንዴ?» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ከቤቱ በር ልንጀምር አይደል?»

«ይኸው ዞረ እኮ፣ አሁን ይነሳል። እኔ ሁልጊዜ ከዚሁ ነው የምጀምረው» አሉና ሰዓታቸውን አዩ።

አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አድርጌ ቆምኩ። ለካ አራቱንም ቀን አልወረዱም። ዴፖ ተሳፍረው፣ ኮረብታው ላይ ከነወንበራቸው ዞረው፣ ጎማው ሲንቀሳቀስ ሰዓት ይዘው ነው የተመለሱት። ሠላሳ አምስት ደቂቃው እውነት ነበር። አንዲት ሰከንድ አልዋሹም። በዕድሜያቸው አውቶቡስ ነው እሳቸውን የጠበቀው እንጂ እሳቸው አውቶቡስ ጠብቀው አያውቁም። መንገድ ማለት ለእሳቸው ሞተር ሲነሳ የሚጀመር ነገር ነው። ልስቅ ነው፣ ላለቅስ ነው፣ አላወቅሁም። እጃቸውን ይዤ አወረድኳቸው።

ከመጨረሻው ፌርማታ በእግር ወርደን ቤቱ በር ደረስን። ከበሩ ደግሞ ለቤቱ እስከሚቀርበው ፌርማታ በእሳቸው ጉልበት ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ይህ ፌርማታ ከመነሻው አራተኛ ነው። ሰልፉ ጥግ ድረስ ይታጠፋል። አንድ ሰው «አባት፣ ወደ ፊት ይምጡ» ቢላቸው «ተራዬን እይዛለሁ» ብለው ከእኔ ጋር ከኋላ ቆሙ።

የመጀመሪያው አውቶቡስ ጢም ብሎ መጣና በሩን ሳይከፍት አለፈ። ሁለተኛው ቆሞ ሦስት ሰው ወሰደ። እኔ እየተንተከተክሁ ነው። የምናገረውን ሁሉ በሆዴ ደርድሬ ጨርሻለሁ። «እንግዲህ ይቁጠሩት» አልኳቸው፣ ክፋቴን ሳልደብቅ። ሦስተኛው ከሩቅ ሲታይ አባባ ከመንገዱ ጠርዝ ወረዱና ሾፌሮች እርስ በርስ ሰላም በሚባባሉበት አኳኋን ሁለት ጣታቸውን አነሱ። ሾፌሩ ወጣት ነው፣ አያውቃቸውም። ሞልቷል ለማለት መዳፉን ገልበጥ አድርጎ አሳያቸውና አለፈ። እጃቸው ትንሽ እዚያው አየር ላይ ቆየ።

«እኔም እንዲህ ነበር የማደርገው» አሉ፣ እጃቸውን አውርደው። «ልክ እንዲህ። ፊታቸውን አይቼ አላውቅም። ሰዓቴን ነበር የማየው።» ቀጥለውም ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። የደረደርኩትን ሁሉ ዋጥኩት። ይህን ሰው ነው በውሸት የጠረጠርኩት? አፈርኩ።

አራተኛው ሲመጣ ሌላ ሃያ ደቂቃ አልፏል፣ የቀረውም የአንድ ሰው ቦታ ነው። አባባ በትከሻዬ ገፍተው አስገቡኝ። «አንቺ ግቢ። እኔ ምን ቸኩዬ?» ሥራ የገባሁት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ከቤቱ በር ከተነሳን ከሁለት ሰዓት ከሩብ በኋላ ነው። ጓደኛዬ ፊቴን አይታ የአንሶላውን ጫፍ አቀበለችኝ።

ያን ቀን ማታ ሚጣ ተኝታ እኛ ሦስታችን ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። አባባ ማስታወሻቸውን ሳይከፍቱ «ድልድዩ ሥር ያለውን ያዙ» አሉ።

ባለቤቴ ደነገጠ። «አባዬ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ አላልክም?»

«ከበር እስከ በር ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። ተሳስቼ ነው።»

ባለቤቴ አባቱ ተሳስቻለሁ ሲሉ ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔን አየኝ፣ እሳቸውን አየ። «ሳሎን እኮ ነው የምትተኛው» አለ።

«ሶፋው ምን አለው?»

ይህን ሁሉ ቀን ስመኘው የነበረው መልስ ይኼ ነበር። ታዲያ ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ «ግዴለም፣ ኮረብታው ይሁን፣ እንለምደዋለን» አልኩ። ከልቤ ነበር ወይስ ለአፌ፣ ዛሬም ብትጠይቁኝ አልመልስላችሁም።

«አንቺ ዝም በይ» አሉኝ ቆጣ ብለው። ልጃቸውን በአገጫቸው አሳዩኝ። «እኔ የተኛ ልጅ ነው ያሳደግሁት። ስወጣ ተኝቷል፣ ስገባ ተኝቷል። ማደጉን የማውቀው እናቱ ሌላ ቁጥር ጫማ ግዛ ስትለኝ ነው። ልጅሽን በጫማዋ ቁጥር እንድታውቂያት አልፈልግም።»

ባለቤቴ ጠረጴዛውን እያየ በጥፍሩ ጠርዙን ይፍቅ ነበር። ቀስ ብሎም «አልተኛም ነበር» አለ።

«ምን አልክ?» አሉ አባባ።

«ስትገባ አልተኛም ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምጠብቅህ። ጫማህን በር ላይ ስታወልቅ እሰማለሁ። መጥተህ ብርድ ልብሴን ታስተካክላለህ።»

አባባ ወደ እሱ ዞሩ። «ታዲያ ለምን ዓይንህን አልገለጥክም?» አሉ።

«ደክሞህ ነበር» አለ ባለቤቴ።