የበላይነህ ድል የማን ነው?

እትዬ ታቢታ ስለ ጌም የሚያውቁት የትኛው ሶኬት የትኛውን ቴሌቪዥን እንደሚያበራ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ በሀዋሳ አዲስ ከተማ ከእሳቸው ፕሌይስቴሽን ቤት የተሻለ ሥርዓት ያለው ቤት አልነበረም። ባላቸው ካረፉ በኋላ ሳሎናቸውን በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፍለው፣ በፊት ለፊቱ ሦስት ቴሌቪዥን ደረደሩና ሕግ አወጡ። ስድብ ክልክል ነው። ጫት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ጆይስቲክ የወረወረ ለአንድ ሳምንት ደጃፉን አይረግጥም። ጎረምሳው ሁሉ ያጉረመርማል፣ ግን ይመጣል።

ከሁሉ የሚያስቸግራቸው ሬስሊንጉ ነበር። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ የራሱን ታጋይ ይሠራል፤ ቁመቱን፣ ፀጉሩን፣ ልብሱን ይመርጥለታል፣ ስምም ያወጣለታል። መብራት በጠፋ ቁጥር ታዲያ ማሽኑ ታጋዮቹን ቢያስታውስም ማን ማንን እንዳሸነፈ ይረሳዋል። መብራት ደግሞ መጥፋት ልማዱ ነው። «እኔ ነኝ ያሸነፍኩት» «ዋሽተሃል» እየተባለ አንገት ለአንገት መተናነቅ ሲበዛ፣ እትዬ ታቢታ ወፍራም መዝገብ ገዙ። የሰፈሩ ኢድር ጸሐፊ ስለነበሩ መዝገብ መያዝ ያውቁበታል። የታጋዩ ስም፣ የተጫዋቹ ስም፣ ፆታ፣ ድል ብለው አሰመሩ። ፆታን የጨመሩት በዕድሜያቸው ፆታ የማይጠይቅ ፎርም አይተው ስለማያውቁ ነው። ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት ተጋጣሚ ይነሳና የተጋጣሚውን መዝገብ ጮክ ብሎ ያነባል። ሳይነበብ ጨዋታ የለም።

በዚያ መዝገብ ላይ አንደኛው በላይነህ ነበር። አርባ አንድ ድል፣ ሁለት ዋንጫ። ትከሻው ከመስፋቱ የተነሳ አንገት የሚባል ነገር አልተፈጠረበትም። የሠራው ፊልሞን የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ባህል አዳራሽ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ዝምተኛ ነው። አሸንፎ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል።

የ1999 ዓ.ም. ነሐሴ ነው። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሳምንታት ስለቀሩት ምግብ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም፣ ጫማ ጠራጊውም ስሙን «ሚሊኒየም» ብሎት ነበርና እትዬ ታቢታም ከማን አንሼ ብለው የሚሊኒየም ዋንጫ አዘጋጁ። ዋንጫው እሑድ ሊሆን ሐሙስ ቀን ፊልሞን በምሳ ሰዓት ብቻውን መጣ።

«እትዬ፣ በላይነህን ላስተካክለው ነው» አለ።

«ፀጉሩን ነው?»

«ሁሉንም።»

ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ሲሠራ ቆየ። ሲጨርስ በቴሌቪዥኑ ላይ ሹሩባ የተሠራች፣ ወይን ጠጅ ልብስ የለበሰች ሴት ቆማለች። ትከሻው ግን ያው ነው። «ትከሻዋን አልነካሁትም፣ ትሠራበታለች» አለ። ስሟን ሳያት አላት።

እትዬ ታቢታ የኢድር ልማድ ሆኖባቸው ብዕራቸውን አነሱ። «በላይነህ ሞተ ማለት ነው?»

«አልሞተም። እሷው ናት። ድሮም እሷ ነበረች፤ አሳስቼ ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚህ ስሆን እኔንም ሳያት ቢሉኝ ደስ ይለኛል። ካላስቸገርኩዎት። ሌላ የምጠይቅበት ቤት የለኝም።»

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ለእትዬ ታቢታ በደንብ አልገባቸውም። የገባቸው ነገር ቢኖር ይህቺን ለመናገር ሰውየው ስንት ወር እንደተለማመደ ነው። የታጋዩንም የተጫዋቹንም ስም ሰርዘው «ሳያት» አሉ፣ «ወንድ» የሚለውን ሰረዙ፣ «ሴት» ብለው ጻፉ፣ ስርዝ ድልዝ ካልተፈረመበት ዋጋ የለውም ብለው ከጎኑ ፈረሙ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ግዛቸው የሚባል የባጃጅ ሾፌር መዝገቡን ገለጠና ፊርማውን አየ። ግዛቸው በሁለቱም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ በበላይነህ የተዘረረ ሰው ነው።

«ይቺ ሴትዮ አዲስ ገቢ ናት» አለ። «ከዜሮ ትጀምር። በላይነህ ከሌለ ዋንጫዎቹ ይሰረዙ፣ ያኔ ሁለተኛ ለወጣው ይሰጡ።»

ያኔ ማን ሁለተኛ እንደወጣ የማያውቅ በቤቱ አልነበረም።

«ደግሞስ» አለ ግዛቸው ወደ ፊልሞን ዞሮ፣ «ይህን ሁሉ ጢም እያየሁ ሳያት ብዬ ልጥራው ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፊልሞን ጆይስቲኩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ተነሳ። «ይሰርዙት እትዬ። ቅር አይለኝም።»

ቅር አይለኝም የሚል ሰው ቅር ያለው ሰው ነው። እትዬ ታቢታ ወደ በሩ ሲሄድ ጀርባውን አዩና፣ ከዚህ ደጃፍ ከወጣ እንደማይመለስ አወቁ።

«ቴሌቪዥኖቹን አጥፉ» አሉ። እንዲህ ብለው አያውቁምና ሁሉም ዞሮ አያቸው፤ ፊልሞንም በሩ ላይ ቆመ።

«እኔ ድሮ ዳንጊሴ ነበርኩ» አሉ። «ጌታን ስቀበል ነው ታቢታ የተባልኩት። በሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ አሥራ አንድ ዓመት ውሃ ቀድቻለሁ፣ ድስት አጥቤአለሁ። ባሌ የሞተ ቀን የዚያን ጊዜው ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ፣ ‹አባላችን ዳንጊሴ ናት፤ ታቢታ የምትባል አናውቅም› ብሎ ድንኳኑን ከለከለኝ። ለቀስተኛው ደጅ ላይ ዝናብ ይመታዋል። ጋሽ ገብረጻድቅ የሚባሉ ሽማግሌ መጡና እጄን ይዘው አነሱት። ‹ይህ እጅ ድስቱን ሲያጥብ በማን ስም እንደሆነ ጠይቀኸው ነበር?› አሉት። ድንኳኑ መጣ። በዓመቱ ጸሐፊው ወረደና እኔ ተተካሁ።»

ከመቀመጫቸው ተነሱና በሩ አጠገብ ደረሱ። «ሳያት፣ እጅሽን አምጪ።»

አሁን የሳቀ የለም። እትዬ ታቢታ አውራ ጣቱን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ጆይስቲክ ያደረቀው ጣት ነው፣ ጫፉ ጠንክሯል።

«ዋንጫውን ያመጣው ይሄ ነው። አልተቀየረም። ግዛቸው፣ አንተ ባጃጅህን ቀለም ስታስቀባ መንጃ ፈቃድህን መለስክ እንዴ?»

«ባጃጅ ሌላ፣ ሰው ሌላ» አለ ግዛቸው።

«ተባረክ። እኔም እሱን ነው የምለው። ሰው ይበልጣል። በል አንብብ።»

ግዛቸው ወደ በሩ አየ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ አየ። ካላነበበ አይጫወትም፤ ካልተጫወተ ደግሞ ሚሊኒየሙ ያለ ዋንጫ ሊገባበት ነው። ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ፊቱን አጨማዶ መዝገቡን አነሳ።

«ሳያት። ሴት። አርባ አንድ ድል። ሁለት ዋንጫ» ብሎ አነበበ። የመጨረሻውን በጣም ቀስ ብሎ ስላለው እትዬ ታቢታ ደግመው አስነበቡት።

ግጥሚያው አራት ደቂቃ አልፈጀም። ባለ ሹሩባዋ የግዛቸውን ታጋይ ከገመዱ በላይ አንስታ ተመልካቹ መሃል ጣለችው። ግዛቸው ጆይስቲኩን ሊወረውር እጁን አነሳና ሕጉ ትዝ ሲለው ቀስ ብሎ ጭኑ ላይ አኖረው።

«አርባ ሁለት በሉላት» አለ። «ሴትዮዋ ከበላይነህም የባሰች ናት።»

እትዬ ታቢታ አርባ ሁለት ብለው ጻፉ። ያን ቀን ደስ አላቸው፣ ግን አልተኩራሩም። መዝገባቸው ከደጃፉ ወዲያ እንደማይሠራ ያውቃሉ። መንገድ ላይ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ፣ እናቱ ቤት፣ ያው ፊልሞን ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ በምሳ ሰዓት በሩ ተከፈተ። የገባው ሰው የሥራ መታወቂያውን ከአንገቱ ሳያወልቅ የመጣ ነው፤ ፊልሞን የሚለው ስም በትልቁ ተጽፎበታል። እሱም ይህን ያወቀ ይመስል ደፍ ላይ ቀረ። እሑድ የተባለው ሁሉ ለዋንጫው ሲባል ብቻ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አልነበረም። ግዛቸውም ምሳውን ትቶ ጥግ ላይ ሲለማመድ ነበርና ቀና አለ።

እትዬ ታቢታ ግን ዓይናቸውን ከመዝገቡ አላነሱም።

«ሳያት፣ በሩን ዝጊው፤ አቧራ ገባብን» አሉ።

ግዛቸው ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ሳያት በሩን ዘጋችና ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።