ያልተቀመሰው የሮብ እራት

ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ የደላው ቤት ለዓመታት ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ግልፍተኛ ነኝ፤ የድስት ክዳን የወረወርኩባቸው ቀናት አሉ። መዳም ግን አላባረረችኝም፣ ባለሙያ ስለሆንኩ። እሷ ያልጠረጠረችው፣ ያን ሁሉ ዓመት ያበሰልኩላትን ሥጋ አንድ ጊዜ እንኳ ቀምሼው እንደማላውቅ ነው። ማተብ አለኝ፤ ሙስሊም የባረከውን ሥጋ አልበላም።

የምትቀምስልኝ ቤቱን የምታጸዳው የወሎ ልጅ ነበረች። ሙስሊም ናት፣ በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች፣ እታለም እያለች ነው የምትጠራኝ። ሥጋው ከተቆረጠ በኋላ አንድ ቁራጭ አንስታ ታላምጥና "ጨመር አድርጊ" ወይም "ልክ ነው" ትለኛለች። እሷ ሳትቀምስ ጨው አልነካም። በፋሲካ ደግሞ እኔ የማመጣውን ሥጋ እሷ ዞር ብላ አታየውም። አንድ ክፍል እንተኛለን፣ በአንድ ሳሙና እንታጠባለን፣ ሥጋ ሲመጣ ግን ሁለታችንም ወደየእምነታችን።

የመዳም ልጅ ውጭ አገር ተምራ ስትመለስ አዲስ ምግብ ይዛ መጣች። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ከታች ሩዝ፣ ከላይ የተጠበሰ ዱባ፣ በዱባው ላይ በስሱ የተቆረጠ ስቴክ፣ መጨረሻ ላይ ቀይ የሮማን ፍሬ። "እዚያ ቅጠል ሲረግፍ እንዲህ ነው የሚመስለው" አለችኝ በስልኳ ፎቶ እያሳየች። እዚህ የሚረግፈው የኔ ላብ ነው ልላት ፈልጌ ዋጥ አደረግሁት። በየሳምንቱ ሮብ እራቱ እሱ ሆነ። ሮብ እኔ እጾማለሁ፤ ከምድጃው ፊት ቆሜ ስቴክ እየገለበጥኩ ለራሴ ሽሮዬን እጥዳለሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ቤተሰቡ ሻንጣውን መኪና ላይ ጫነና ለእኛ ቦታ ጠፋ። "ቤቱን ጠብቁ፣ ኢንሻላህ በቅርብ እንመለሳለን" ብለው ሄዱ። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ለምንጣፍ ቦታ ነበራቸው።

መብራት ከጠፋ በኋላ ማቀዝቀዣው መፍሰስ ጀመረ። የወሎዋ ልጅ በደረቅ ዳቦ ሰንብታ ጉንጯ ገብቷል። "ሥጋው ሳይሸት ልሥራልሽ፣ ምን ይሁን?" ስላት፣ "የሮቡን" አለች። ቀኑም ሮብ ነበር። ሮማን አልነበረም፣ አንድ ዱባ ግን ተርፎን ነበር። ሥጋውን በመዶሻ ስወቅጠው ከውጭ ተኩሱ ይመልስልኛል። መዳምንም ተኳሾቹንም እየረገምኩ ደበደብኩት። ጋዙን ለኩሼ መጥበሻው ላይ ስጥለው ጮኸ።

ሰው በሌለበት ሰፈር የጥብስ ሽታ ከደወል በላይ ይጣራል። ይህን ማሰብ ነበረብን፤ የራበው ሰው ግን መች ያስባል። የራሴን ሽሮ አውጥቼ፣ ለእሷ ሩዙን ሞልቼ፣ ዱባውንና ሥጋውን ደርድሬ "ያላ፣ ነይ ቅመሽ" እንዳልኩ የግቢው በር በጥይት ተመታ።

ልጅቷን ከመታጠቢያ ቤቱ በላይ ሻንጣ የሚቀመጥበት ቆጥ ላይ ገፍቼ አወጣኋት። መሰላሉን ደበቅኩ። በዚያ ሰሞን ታጣቂዎች ወጣት ሴት ባገኙበት ቤት የሚያደርጉትን ሰምተናል፤ እዚህ አልጽፈውም። እኔ ሸብቻለሁ፤ የፈራሁት ለእሷ ነው።

ሦስት ናቸው። የወጥ ቤቱን በር በእግራቸው ገነጠሉት። አለቅየው "ለምን አልከፈትሽም?" አለና መልሴን ሳይጠብቅ በጠመንጃው ሰደፍ አፌን መታኝ። ወለሉ ላይ ወደቅሁ። ጥርሴ ተነቃነቀ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ።

"ማን አለ ቤት ውስጥ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

ሁለቱ ሳህኑን፣ ብርጭቆውን፣ መሳቢያውን ሁሉ እየገለበጡ ሰባበሩ። አለቅየው ግን ጠረጴዛውን ያይ ነበር። አንድ ሳህን ሽሮ፣ አንድ ሳህን ሥጋና ሩዝ።

"ሽሮው የማን ነው?"

"የኔ።"

"ይሄስ?"

"እሱም የኔ።"

ማተቤን በጣቱ ስቦ አንገቴን አነቀኝ። "መሲሒያ ነሽ። ጀብራ ሰፈር ሐበሾች ጎረቤቶች ነበሩን። በዒድ ሥጋ ስንልክላቸው እያመሰገኑ ይመልሱልን ነበር። ወላሂ ይህን የምትበላ ሌላ ሴት አለች። የት ናት?"

አንዱ ወጣት ጠመንጃውን ወደ ኮርኒሱ አዙሮ ማየት ጀመረ።

የሐበሻ ጎረቤትነት እንዲህ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። እግዜር ይቅር ይበለኝ ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበረኝም። ተነሥቼ የሥጋውን ሳህን ወደ ደረቴ ሳብኩና በእጄ ዛቅሁ። ሥጋውን አኘክሁ፣ ዋጥሁ፣ ደግሜ ዛቅሁ። "ርቦኛል" አልኩት አፌ እንደሞላ። "አንተ ካልፈለግኸው ተወኝ ልብላ!" ግልፍተኝነቴ ለዚያ ቀን ነበር የተፈጠረው መሰለኝ። በጨው የታሸ ነገር ነው የበላሁት፤ ጉሮሮዬን እያቃጠለኝ ወረደ። አለቅየው ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ቆሞ አየኝ።

"ረሃብ ሃይማኖት የለውም" ብሎ ሳቀ። ሽሮዬን በሰደፉ ገለበጠው። ጋዙን፣ ዱቄቱን፣ መጥበሻው ላይ የቀረውን ሥጋ ይዘው ወጡ። ወጣቱ ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ፣ እንዲያው ለጨዋታ፣ ኮርኒሱን በጥይት በሳው።

የመኪናቸው ድምፅ እስኪርቅ ጠበቅሁና ተጣራሁ። ደግሜ ተጣራሁ። ከዚያ በኖራ የተለወሰ እግር ከቆጡ ወደ ታች ተንጠለጠለ።

መሰላሉን አቁሜላት ወረደች። ሁሉንም ሰምታለች። ባዶውን ሳህን፣ ከዚያ እኔን አየችና ማልቀስ ጀመረች። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ማለት ይሄው ነው። ማልቀሷ አስፈራኝ፤ ላስቃት ፈለግሁ።

"አንቺ ውሸታም" አልኳት፣ "ያን ሁሉ ዓመት ልክ ነው፣ ልክ ነው ስትይኝ ኖረሽ፣ ለካ ስቴክሽ ጨው ብቻ ነው!"

አልሳቀችም። ሻሿን ከራሷ ፈትታ አፌን በቀስታ ጠረገችልኝ።

"እታለም፣ ዛሬ መች አስቀመስሽኝ?" አለች። "ጨው እኮ ገና አልጨመርሽበትም።"

ሻሿን ተቀብዬ አየሁት፤ ነጩ ሁሉ ደም ነበር።